«ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ እኔም ነቀነቅኩ»

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ትውልዴም ኑሮዬም ዳባት ነው። በፋርማሲ ተመርቄ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በኃላፊነት። ዘንድሮ የድኅረ ምረቃ መግቢያውን የጋት ፈተና አልፌ ጎንደር መጥቼ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ጀመርኩ። ትምህርቱ ማታ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዳባት መመላለስ ስለማይቻል ከመሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ሳሙና በር አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ባለቤቴ እዚያው ዳባት መምህር ነው። የአራት ዓመት ልጃችን እናቴ ጋ ነው።

ከጀመርን አንድ ወር አለፈ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ጠፍቶብኛል። የአካውንቲንግ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን «ይህንን በዲግሪ ስለተማራችሁት እንለፈው» ብለው ዴቢትና ክሬዲትን በአንድ ስላይድ ጨረሱት። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ወዲህ የሚባለው ሁሉ በላዬ ላይ ያልፋል። ገንዘብ ሲገባልኝ ከባንክ የሚመጣው መልእክት ሒሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው ይላሉ። ይህችን እንኳ ለመጠየቅ አፈርኩ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

በቡድን ሥራ አምስት ነን። ሦስቱ ባንክ ይሠራሉ፣ አንዱ ገቢዎች ነው። ቴሌግራም ላይ ሥራ ስንከፋፈል በዕድሜ የሚያንሰኝ ልጅ «እኅታችን፣ አንቺ ሽፋኑንና ፕሪንቱን ያዢልን፤ የጤና ሰው በዚህ አትድከሚ» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ በተሰጡንም ሥራዎች ሽፋንና ፕሪንት የኔ ሆኖ ቀረ። ፕረዘንቴሽን ላይ የደረሰችኝን አንድ ስላይድ በእንግሊዝኛ ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ እስክሄድ ድረስ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

ልጄን አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። እንዳያለቅስብኝ ብዬ ጎሕ ሲቀድ፣ ተኝቶ ሳለ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን አልይዝም ይላል። «እማዬ ናት እኮ» ሲሉት ይሸሻል። ሌላ ጊዜ ለመሄድ ፈራሁ፤ ሄጄ ደግሞ ልለየው ነው?

ገንዘቡም ሌላ ጭንቀት ነው። 12 ሰው በወር 5,000 ብር የምንጥልበት ዕቁብ አለን፤ በአራተኛው ወር ዕጣው ወጣልኝና 60,000 ብር ይዤ መጣሁ። ኪራይና ምግብ እንዲሁም የዕቁቡን መዋጮ የምከፍለው ከዚያው ነው። እንዴት እንደሚያልቅ አይገባኝም።

ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ወደ ልጄና ወደ መጋዘኔ ብመለስ ይሻላል? ወይስ ልታገሥ? እባክዎ ይምከሩኝ።

የዳባቷ ነኝ

መልስ

እኅቴ፣ ይህን ሁሉ ሳትሸሽጊ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ የተመለስኩት «እኔም ነቀነቅኩ» ወዳልሽው ነው። ያን ምሽት በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይገባው የነቀነቀው ስንት ሰው እንደነበር የሚነግረን የለም፤ አንቺ ብቻ እንደነበርሽ ግን አላምንም። ባንክ መሥራትና አካውንቲንግ ማወቅ ለየቅል ናቸው። መስኮት ላይ የሚቀመጥ የባንክ ሠራተኛ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ቁጥሩን ሲስተሙ ላይ ይሞላል፤ በየትኛው ሒሳብ በየትኛው በኩል እንደሚመዘገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስንለት ሲስተሙ ነው። ቃሉን ከአንቺ በላይ ለምዶታል እንጂ ነገሩን ከአንቺ በላይ ያውቀዋል ማለት አይደለም።

ልተወው ወይ ወደሚለው ጥያቄሽ እመጣለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ከክፍል ወጥተሽ ቤትሽ ስትገቢ ሆድ የሚያስብስሽ የቱ ነው? ያልገባሽ ትምህርት ነው? ሽፋን ብቻ የሰጡሽ ሰዎች ናቸው? ወይስ ስልክ አልይዝም ያለው ልጅሽ? በደብዳቤሽ ላይ አንድ ላይ ተጨፍልቀው «ምን ፍለጋ መጣሁ» ሆነዋል። እኔ ግን ለየብቻ ላያቸው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ በሳምንት ሊቀል የሚችል ነው፣ ሌላው ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ትምህርቱ ነው በሳምንት የሚቀለው። የባንኩም መልእክት የመምህርሽም አነጋገር ልክ ናቸው። ስልክሽ ላይ የሚገባው መልእክት የተጻፈው ከባንኩ መዝገብ ነው። 5,000 ብር ስታስገቢ ባንኩ ያንን ገንዘብ በፈለግሽ ሰዓት ሊመልስልሽ ግዴታ ገባ፤ ዕዳ አለበት። ዕዳ ሲጨምር የሚጻፈው በክሬዲት፣ በቀኝ በኩል ነው። የራስሽን መዝገብ አንቺ ብትይዢ ግን ያው 5,000 ብር ሀብትሽ ነው፤ ሀብት ሲጨምር በዴቢት፣ በግራ በኩል ይጻፋል። አንዱ ገንዘብ በሁለት ሰው መዝገብ ላይ በሁለት በኩል ተጻፈ፤ ግራ ያጋባሽ ይኸው ነው። ጥያቄው ቢነሣ ኖሮ ክፍሉ ውስጥ ልቡ የሚያርፍ ብዙ ሰው ነበር።

አሁን ዕቁብሽን እንውሰድ። በወር 5,000 ብር ስትጥዪ ቆይተሽ በአራተኛው ወር ዕጣው ወጣልሽ። የዚያን ወር መዋጮ ጨምሮ 20,000 ብር ከፍለሽ ነበር ማለት ነው። ይህ 20,000 ብር ዕቁብተኛው ያለበት፣ አንቺ የምትሰበስቢው ገንዘብ ነበር፤ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚሉት እሱን ነው። ዕጣው የወጣ ዕለት 60,000 ብር እጅሽ ገባ፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ዴቢት 60,000። አካውንቲንግ እዚህ ላይ «ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። 20,000ው ቀድሞም ያንቺው የነበረ፣ አሁን የተሰበሰበ ነው፤ ተሰብሳቢው ጠፋ፣ ክሬዲት 20,000። የቀረው 40,000 በሚቀጥሉት ስምንት ወሮች የምትመልሺው ነው፤ ዕዳ፣ ክሬዲት 40,000። በግራ 60,000፣ በቀኝ 20,000 እና 40,000፤ እኩል ሆኑ። መምህርሽ በአንድ ስላይድ ያለፉት ነገር ዋናው አካል ይኸው ነው። የጣሊያኗ ቬኒስ ነጋዴዎች ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1494 በመጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ጀምሮ መዝገባቸውን የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ነጋዴ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ እሱስ ለማን እንዳለበት በአንድ ዓይን ለማየት የሠራው ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በዪ፤ ገንዘቤ እንዴት እንደሚያልቅ አይገባኝም ብለሽኛልና። እጅሽ የገባው 60,000 ብር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዕዳ የሌለበት ግን 20,000 ብቻ ነበር። አንቺ ስታስቢ የነበረው 60,000 ይዘሽ እንደመጣሽ አድርገሽ ነው፤ ኪራዩም ምግቡም የዕቁቡ መዋጮም ከአንድ ኪስ ሲወጣ ቶሎ መሳሳቱ አይቀርም። አባካኝ ሆነሽ አይደለም። ዛሬውኑ አንድ ገጽ ወረቀት አውጪ፤ በአንድ በኩል ያለሽን፣ በሌላው የቀረብሽን መዋጮና እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ያለውን ኪራይ ጻፊ። ከዚያ ለባለቤትሽ ደውለሽ ቁጥሩን እንዳለ ንገሪው። የቀረውን መዋጮ ከእሱ ደመወዝ መሸፈን ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም ስንቱን ወር እሱ ስንቱን አንቺ እንደምትይዙ ተስማሙ። ቀን ቀን ባዶ እንደሆንሽም አስተውያለሁ። የፈቃድሽ ደንብ የማይከለክል ከሆነ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የግል ፋርማሲ በቀን የተወሰነ ሰዓት መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ገንዘቡ ይረዳሻል፤ ከዚያም በላይ ቀኑን ሙሉ ለብቻ ከመቀመጥ ያድንሻል። አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን የዋለ ሰው ማታ ክፍል ሲገባ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም።

ስለ ቡድኑ ስጽፍልሽ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ይህንን ነው፦ እነዚያ አራት ሰዎች መጋዘን ውስጥ ምን ትሠሪ እንደነበር ያውቃሉ? ነግረሻቸዋል? «የጤና ሰው» ሲሉሽ መርፌ የምትወጊ መስሏቸው ይሆናል። ያ ወጣት ንቆሽ ይሁን አዝኖልሽ ከደብዳቤሽ መለየት አልቻልኩም፤ ከባንክ ወጥቶ ደክሞት የሚመጣ ሰው ሥራውን ቶሎ አከፋፍሎ መገላገል ፈልጎም ሊሆን ይችላል። ንቀት ከሆነ ሥራሽን ሲያይ ያፍራል። ሐዘኔታ ከሆነ ደግሞ እንደማያስፈልግሽ ሊያውቅ ይገባል።

ምን ይዘሽ እንደመጣሽ አንቺም የዘነጋሽው ይመስለኛል። በየሁለት ወሩ የፍጆታ ሪፖርት ሞልተሽ መድኃኒት ስትጠይቂ ኖረሻል። ከአራት ወር ፍጆታ በላይ እንዳይከማች፣ ከሁለት ወር በታች እንዳይወርድ ስትጠብቂ ኖረሻል። የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ እንዲወጣ መደርደሪያውን ስታስተካክዪ፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አልገጥም ሲልሽ አምሽተሽ ስትቆጥሪ ኖረሻል። ኤቢሲ ትንተና ሠርተሽ ከሆነ ደግሞ፣ እንደሠራሽ እገምታለሁ፣ ከመድኃኒቶቹ ዓይነት ጥቂቱ የበጀቱን ትልቁን ድርሻ እንደሚበላ በራስሽ ቁጥር አይተሻል። ኦፕሬሽን ማኔጅመንት የሚባለው ኮርስ ሲደርስ ኢንቬንተሪ የሚለው ምዕራፍ ላይ ይህንኑ ታገኚዋለሽ፤ ኤቢሲ ትንተና እንኳ በስሙ ሳይቀር እዚያው አለ። ባንክ ቤት ያለ ጓደኛሽ ይህንን ከስላይድ ይማረዋል። አንቺ ኢንሱሊን ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አይተሻል። ዕቃ አለቀ ማለት አንድ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ለማንኛውም ቡድን ትልቅ ሀብት ነው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አልጻፍኩትም፤ አምንበታለሁ።

የጤና ሰው ምን አገባው ማለትስ በተለይ ጎንደር ላይ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚህ ከተማ ነው። ከዚያ የተመረቁ የጤና መኮንኖች ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲላኩ ከማከሙ ጋር ጣቢያውን ይመሩ ነበር፤ ሠራተኛው፣ መድኃኒቱ፣ በጀቱ በእነሱ እጅ ነበር። አንቺም የመጣሽው ያንኑ ለማድረግ ይመስለኛል። ምን ብለሽ ነበር ማመልከቻሽ ላይ የጻፍሽው? ቅጂው ካለሽ አውጥተሽ አንብቢው።

ለሚቀጥለው ሥራ እስኪያከፋፍሉሽ አትጠብቂ። ቴሌግራሙ ላይ ቀድመሽ ጻፊ፤ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ሰላም ጓዶች፣ በዚህኛው ሥራ የትንተናውን ክፍል እኔ ልሥራ። ረቂቁን ሐሙስ ማታ እልክላችኋለሁ፣ አስተያየት ስጡኝ። ሽፋንና ፕሪንት በተራ እናድርገው።» ቁጣም ይቅርታም የለበትም። ከዚያ ሐሙስ ማታ በእርግጥ ላኪ። መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ሥራውን ረቡዕ ጨርሽው። ረቂቁ ፍጹም ባይሆን ግድ የለም፤ አንድ ጊዜ ሥራሽን ካዩ ቀጣዩ ክፍፍል ይለወጣል ብዬ አስባለሁ። ካልተለወጠ፣ በሌላ ሥራ ከሌሎች ጋር ለመመደብ መምህሩን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ስለ ፕረዘንቴሽኑ ብዙ አልልም፤ የብዙ ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ በልምምድም ይቀንሳል። ስላይዱን አታንብቢ። ከስላይዱ ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር መርጠሽ በራስሽ እንግሊዝኛ ጻፊያቸውና ክፍልሽ ውስጥ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ በዪያቸው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ፤ እሷ ከወጣች ሌላው ይከተላል።

እናትሽ «ዝም አይነቅዝም» ያሉሽ ለጎረቤት ነገር፣ ለክፉ አንደበት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ እውነታቸውን ነው። ክፍል ውስጥ የታመቀ ጥያቄ ግን ይነቅዛል፤ አንቺም እያየሽው ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን በላይ አሁን ከብዶሻል። በሕዝብ ፊት መጠየቅ ካቃተሽ ሌላ መንገድ አለ። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ ተማሪው መምህሩ ፊት ከመቆሙ በፊት ቅኔውን የሚሰማለት፣ የሚያርምለት፣ ከእሱ ቀድሞ የገፋ አስነጋሪ አለው። አንቺም አስነጋሪ ፈልጊ። ከክፍልሽ በዲግሪው አካውንቲንግ የተማረ፣ ሲያስረዳ የማይቸኩል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ምናልባት ሌላ ሴት ተማሪ ትኖር ይሆናል፣ እሷም ብቻዋን የምትቀመጥ። ቅዳሜ ከክፍል ስትወጡ ቡና እየጠጣችሁ አንድ ጥያቄ አብራችሁ ሥሩ። በምላሹ አንቺ የምታውቂውን ትሰጫታለሽ። በኋላ ስታቲስቲክስና የጥናት ዘዴ ሲመጣ የፋርማሲ ምሩቅ እንደምትፈለግ ታያለሽ።

አሁን ስለ ልጅሽ። ይህንን ወደ መጨረሻው ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነው።

ተኝቶ ሳለ መውጣት በብዙ ቤት የሚደረግ ነው፤ እናቶች ከፍቅር የተነሣ ያደርጉታል፣ አንቺም ያደረግሽው ለቅሶውን መቋቋም ስላቃተሽ ነው። ከእሱ ወገን ሆነሽ ግን እይው። ማታ እናቱ አጠገቡ ነበረች፣ ሲነቃ የለችም፤ ማንም አልነገረውም። የአራት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚረዳው እናቱ በማንኛውም ሰዓት ልትጠፋ እንደምትችል ነው። ስልኩን አልይዝም ማለቱ ጠልቶሽ አይመስለኝም። ድምፅሽ መጥቶ ይሄድበታል፤ ስልኩ ሲዘጋ እንደገና ትጠፊበታለሽ። ያንን ላለመቅመስ ይሸሻል። በዚያ ላይ የዚህ ዕድሜ ልጅ ስልክ ላይ ረጋ ብሎ ማውራት ድሮም አይሆንለትም።

ስለዚህ እባክሽ ሂጂ። ቅዳሜ ከሰዓት መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጠሽ ተነሺ፤ ዳባት ወደ 75 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ሳይመሽ ትደርሻለሽ። የሰኞው ትምህርት ማታ ስለሆነ ሁለት ሌሊት አብረሽው አድረሽ ሰኞ ረፋድ ላይ መመለስ ትችያለሽ። ስትለዪው ነቅቶ ይሁን። እሑድ ማታ ንገሪው፣ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ስታበዪው ድገሚለት፤ «እማዬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።» ያለቅሳል። አንቺም ታለቅሺ ይሆናል። ግን አቅፈሽው፣ ስመሽው፣ በሩ ድረስ ሸኝቶሽ ይለይሽ። በዓይኑ ያየው መለየት ከማያውቀው መለየት ይሻለዋል። የምትመለሽበትን ቀን የምትነግሪው እርግጠኛ ከሆንሽ ብቻ ነው፤ መንገዱ ሊዘጋ፣ ፈተና ሊገጥም ይችላልና ያልቆረጥሽውን ቀን አትስጪው። ነጠላሽን ወይም የምትለብሺውን አንድ ሹራብ ተዪለት። ስልክ ካልያዘ አታስገድዱት፤ በምትኩ ማታ ማታ አጭር ተረት በድምፅ ቀድተሽ ለአባቱ በቴሌግራም ላኪና ሲተኛ ያሰማው። መልስ የማይጠየቅበት ድምፅ ለልጅ ይቀለዋል። ደግሞም አባቱ አንድ ጊዜ ይዞት ይምጣ። ጥምቀት ሲደርስ መጥቶ የታቦቱን አጀብ ቢያይ ደስ ይላል፤ ግን እስከ ጥር 11 አትጠብቁ። የምትተኚበትን አልጋ፣ የምትማሪበትን ግቢ በር ማየቱ ነው ዋናው፤ ከዚያ በኋላ «እማዬ ትምህርት ቤት ናት» ሲባል የት እንዳለሽ በዓይነ ኅሊናው ያየዋል።

እናትሽንም ጠይቂያቸው፤ ልጁ ቀን ቀን ይበላል? ይጫወታል? ይተኛል? ከሆነ አዝኗል ግን ደኅና ነው። መብላት ትቶ፣ ሌሊት እየባነነ፣ ዝም ማለት ካበዛ ያኔ ሁለታችሁም ወላጆች ቁጭ ብላችሁ ሌላ መላ መፈለግ አለባችሁ፤ እሱና እናትሽ አንቺ ዘንድ ጎንደር መክረማቸውን ጨምሮ።

ልተወው ወይ ላልሽኝ፣ የእኔ ሐሳብ አሁን አትወስኚ የሚል ነው። ዛሬ የምትወስኚው ከደከመው፣ ካፈረውና ከናፈቀው ልብሽ ጋር ሆነሽ ነው፤ ውሳኔው የትምህርቱ ይሁን የናፍቆቱ መለየት አትችዪም። ማድረግ ያለብሽ ግን ሬጅስትራር ሄደሽ ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀን አልፎ እንደሆነ፣ ዊዝድሮዋል እስከ መቼ እንደሚሞላ፣ ሞልተሽ ብትወጪ ተመልሶ ለመግባት ምን እንደሚጠየቅ፣ የከፈልሽውስ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነው። የማለፊያውን ነጥብም ጨምረሽ ጠይቂ፤ ድኅረ ምረቃ ላይ አማካይ ውጤቱ ከ3.00 እንዳይወርድ ስለሚጠበቅ በአንድ ኮርስ መውደቅሽ ያለውን ትርጉም ከወሬ ሳይሆን ከደንቡ ብትሰሚው ይሻላል። ቀኖቹን ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው። መሥሪያ ቤትሽም ፈቃዱን እስከ መቼ እንደሰጠሽ ደብዳቤውን እንደገና እይው።

ከዚያ የመጀመሪያው ሚድ ውጤት እስኪወጣ ለራስሽ ጊዜ ስጪ፤ የዊዝድሮዋሉ ቀን ከዚያ የሚቀድም ከሆነ ደግሞ እስከዚያ ቀን። በዚያን ጊዜ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ትምህርቱ መግባት ጀምሯል? ልጁ ተረጋግቷል? ገንዘቡ ይደርሳል? ልጁ ካልተረጋጋ ወይም ገንዘቡ በእርግጥ ካልደረሰ በደንቡ መሠረት ፎርሙን ሞልቶ መውጣት ውርደት አይደለም፤ በሌላ ዓመት ልጁ አድጎ፣ ዕቁቡ ተከፍሎ ልትመለሺ ትችያለሽ። እንዲያው ዝም ብለሽ መቅረት ግን አይሁን፤ ያለ ዊዝድሮዋል የቀረ ተማሪ መዝገቡ ላይ የሚቀርበት ውጤት በኋላ ያስቸግረዋል። ከእነዚህ ጥያቄዎች የከበደሽ የትምህርቱ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ግን አትውጪ ብዬ እለምንሻለሁ።

የዚህን ሳምንት ሥራሽን ከመምህርሽ ጀምሪ። ከክፍል በፊት ወይም በኋላ ቢሯቸው ሂጂና «በዲግሪ አካውንቲንግ አልተማርኩም፣ ከፋርማሲ ነው የመጣሁት» በያቸው፤ እስካሁን ሳያውቁ ቀርተው ይሆናል። የዕቁቡን ምዝገባ በወረቀት ሠርተሽ ያዢና ልክ መሆኑን ይዩልሽ። ለጀማሪ የሚሆን አንድ መጽሐፍም ጠይቂያቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የትኛው እንዳለ ያውቃሉ። ቀን ቀን ያለሽ ጊዜ ለእሱ ይበቃል። ቅዳሜ ደግሞ ከክፍል እንደወጣሽ ወደ ዳባት።